ዘጠኝ ጫማ

"ዘጠኝ ጫማ" አለኝ አሚታይ፣ ማስቲካውን እያላመጠ፣
"ለጀማሪ ከዚያ አያንስም።"
በልቤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ሳቄ አመለጠኝ፤
ሁለት እግር ላላት ሴት ዘጠኝ ጫማ?
ያውም አንዱ ጉልበቷ ደረጃ ባየ ቁጥር ለሚያጉረመርም?

እኔ የመጣሁት ለቀይዋ ነበር።
መስኮቱ ሥር ለቆመችው፣ እንደ ቃሪያ ሹል፣
አጭር፣ ቀጭን፣ አፍንጫዋን ለሰቀለች።
ከማሸጊያው ፋብሪካ ሌሊቱን አድሬ ስመለስ
አሥራ አንድ ወር ሙሉ በአውቶቡስ መስታወት አይቻታለሁ።
እሷም ያየችኝ ይመስለኛል።

"እሷ ለሚያውቃት ናት" አለ፣
"ላላወቃት የምትራገጥ በቅሎ።"
(በቅሎ አላለም። በቅሎ ያልኩት እኔ ነኝ።
የአሽዶድ ልጅ በቅሎ ከየት ያውቃል።)

ከጓዳ ሰማያዊውን ጎትቶ አወጣው፤
ስፖንጅ የለበሰ፣ ደረተ ሰፊ፣ ያገለገለ፣
ጥጉ ላይ የአንድ ልጅ የፊት ጥርሶች ታትመውበት።
"ሰፊ ስለሆነ ይሸከምሻል፤
ረጅም ስለሆነ ይታገሥሻል፤
ለስላሳ ስለሆነ፣ ራስሽን ቢመታሽም፣ ትተርፊያለሽ።"

ወይ ጉድ!
ይህን ምክር ማን በነገረኝ
ባል ስመርጥ፣ ያኔ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ።
ሹሉን፣ ቀዩን ነበር የመረጥኩት።

"ክብደትሽስ?" ሲል ሰባት ኪሎ ቀነስኩለት።
ቀና ብሎ አየኝ፦ "ለኔ መዋሸት ትችያለሽ፤
ባሕሩ ግን ራሱ ይመዝንሻል።"
ሰባቱን ኪሎ መለስኩ።

ቀጥሎ የጎማው ልብስ።
ሦስት ሚሊሜትር፣ ለየካቲት፣ ውሃው ሲናከስ።
መለኪያው ክፍል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ታገልኩት፤
በግራ እግሬ ሲገባ በቀኙ ይወጣል፣
ላቤ ጠብ፣ ትንፋሼ ቁርጥ፣
ከመጋረጃው ውጭ "ሁሉ ሰላም?" የሚል ድምፅ።
ዚፑ ለካ በጀርባ ነው።
ጀርባዬን የሚዘጋልኝ እጅ ካጣሁ ስድስት ዓመቴ።
ቆምኩ። መስታወቱ ውስጥ ያለችውም ቆመች።
ያኔ ነው ያየሁት፤
ከዚፑ ጫፍ እስከ ወገቤ የሚወርድ ረጅም ጥብጣብ፣
በትከሻ ላይ አዙሮ ሽቅብ የሚጎትቱት።
አንድ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ ተቀምጦ አስቧል
ብቻዋን ስለምትለብስ ሴት።
ሳብኩት።
ተዘጋ።

የቁርጭምጭሚት ገመድ ጨመረልኝ፣ በጣውላው ልክ፤
እሱ ከኔ እንዳይጠፋ ይሁን፣ እኔ ከሱ፣ አልጠየቅሁም።
በመጨረሻ ሰም። ነጭ፣ እንደ ሳሙና ቁራጭ፣ ኮኮናት የሚሸት።
"ስፖንጅ ብዙ አይፈልግም፤ ትንሽ ግን አይጎዳም" አለ።
ሃያ ሰቅል።
"ስም?" አለኝ ደረሰኙን ሲጽፍ።
"ወርቅያንሳት" አልኩ፤ ብዕሩ አየር ላይ ቀረ።
"እሺ፣ ዘሃቫ በል፣ መታወቂያዬ ላይ ያለውን።"
ያም ወርቅ ነው፣ በነሱ አፍ፤
ከአውሮፕላን ስወርድ አንዲት ጸሐፊ የመነዘረችልኝ።
ሰሙን ኪሴ ከተትኩ።
ወርቁን ባሕር ነው የሚፈታው።

አውቶቡሱ አልጫንም አለ።
ነፋሱ ሰማያዊውን እያዞረ፣ እኔን አብሮ እያዞረ፣
አንዴ ወደ ወደቡ፣ አንዴ ወደ መጣሁበት፣
በአርባ ደቂቃው መንገድ ሁለት ሰዓት ሄድኩ።
አሳንሰሩ ውስጥ አልቆም አለ። አራት ፎቅ በደረጃ።
ጉልበቴ ሰው የማይሰማው ስድብ ተሳደበ።

ቤቴ ውስጥ በቁመቱ የሚያስተኛው አንድ ክፍል ብቻ፣
የብረት በር ያለው፣ ሳይረን ሲጮህ የምንሮጥበት፤
ፍራሹን አነሳሁ፣ የውሃ ጀሪካኖቹን ገፋሁ፣
ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ አጋደምኩት።
ከዚያ በሩን ዘግቼ በሆዴ ተኛሁበት፣
አሚታይ እንዳሳየኝ፦ እጅ ከደረት ሥር፣ ዓይን ወደ ፊት፣
ዘልሎ መነሣት።
ወደቅሁ።
ዘልሎ መነሣት።
ወደቅሁ።

ከታች ፋይና ጣሪያዋን በመጥረጊያ እንጨት ነረተችው፦
"ምንድን ነው እሱ፣ በእኩለ ሌሊት?"

አፌን ከወለሉ አስጠግቼ
"ሞገድ ነው" አልኳት፣
"ገና እየመጣ ነው።"